የእንግዳው ውሻ ስም

«አንድ ማንኪያ እንኳ ቅመስ ክላይቭ፤ ሰው በሻይ ብቻ አይኖርም» አለች ጎረቤቱ አይሪን፣ ያመጣችውን በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የሥጋ ፓይ ወደ እሱ እየገፋች።

ክላይቭ ማንኪያውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ሚስቱ ቤረል ባለፈው ቅዳሜ አንሶላ እያሰጣች ሳለ ወደቀች፤ በዚያው ቀረች። ቀብሩ ለማክሰኞ ተቆርጧል። ሰውን የሚጨርሰው እንግዲህ ይህ የሞቱና የቀብሩ መካከል ነው፤ ሬሳው ሌላ ቦታ፣ ሐዘኑ ቤት ውስጥ፣ ጎረቤቱ ፓይ ተሸክሞ በር ላይ። የዛሬው ፓይ አምስተኛው ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሴት ልጁ ጂኒ የእናቷን የእንግዳ መዝገብ ይዛ፣ ኪራዩ መሰረዙን ለመንገር በቤቱ ስልክ ትደውላለች። «አዎ፣ በድንገት ነው… አመሰግናለሁ… ውሻችሁንም ሳሙልን።» ከግቢው ማዶ ያለችው ትንሿ የድንጋይ ቤት እነክላይቭ ለባልና ሚስት ከነውሻቸው የሚያከራዩአት ናት። ከደጃፏ ጀምሮ ገላጣው ኮረብታ ነው፤ ውሻ እስኪደክመው ቢሮጥ አጥር አያገኘውም።

ዓርብ የእንግዳ ቀን ነበር። ክላይቭ ምድጃውን ያነዳል፣ ቤረል አልጋውን ታነጥፋለች። ሕጓ ሁለት ነው፤ ከአሥር ሰዓት በፊት ማንም አይገባም፣ የውሻ እግርም ሳይደርቅ አይገባም። በዚህ ጉዳይ ንግሥቲቱ ብትመጣም አትለቅም ነበር። በመጨረሻ በሩ አጠገብ በተሰቀለችው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የመጪውን ውሻ ስም በጠመኔ ትጽፋለች።

«የሰዎቹንስ?» ብሏት ነበር አንድ ቀን።

«ሰዎቹ ስማቸውን ያውቁታል።»

«ውሻው ደግሞ ማንበብ ይችላል?»

«አንተ ዝም በል። ሲያነቡለት ጭራውን ይቆላል።»

በየዓመቱ መከር ሲገባና እንግዳ ሲቀንስ ያቺኑ ጥያቄዋን ታመጣለች። «አንድ ሳምንት እኛስ ብንገባባት? አንተ፣ እኔና ፍሊንት» ትለዋለች የውሻቸውን ራስ እየዳበሰች።

«ከግቢያችን ወደ ግቢያችን? ሰው ምን ይለናል!»

«ማን ሊያየን? በጎቹ?»

«በሚቀጥለው ዓመት» ይላታል። አሥራ ሁለት ጊዜ እንዲህ ብሏታል። ከቅዳሜ ወዲህ ማንኪያ ሲያነሳ ይህ ቁጥር ይመጣበትና መልሶ ያስቀምጠዋል።

«የመጨረሻዎቹ እነዚህ ናቸው» አለች ጂኒ ከኮሪደሩ። «ዛሬ የሚገቡ። ‹ሁለት ሰውና ውሻ› ይላል። ስም የለም፤ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።»

«የውሻው ስም አለ አይደል?»

«እሱም ባዶ ነው።»

«እናትሽ የውሻ ስም አትረሳም» አለ ክላይቭ።

«ምስኪኖች፣ ይኼኔ መንገድ ላይ ናቸው» አለች አይሪን።

ጂኒ ደወለች። ወዲያው በሩ ጀርባ፣ ከተንጠለጠሉት የውሻ ማሰሪያዎች ሥር፣ የቤረል የዝናብ ካፖርት መጮህ ጀመረ። ስድስት ቀን ሙሉ ከቦት ጫማዋ ላይ አልነሳም ብሎ የተኛው ሽማግሌው ፍሊንት ዘሎ ተነሳ፤ ጭራውን እየቆላ ካፖርቱ ሥር ቆመ።

ጂኒ ስልኩን እንደያዘች ወደ ካፖርቱ ዞረች። በዚህ ዘመን የእናቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ልጅ የለም። «አባዬ» አለች፣ «የእማዬ ስልክ እኮ ነው።»

ስልኩን ስትዘጋው ካፖርቱም ዝም አለ። ውሻው ግን ቀና ብሎ መጠበቁን አልተወም።

«ነገ የተጋባንበት ቀን ነው» አለ ክላይቭ። «አርባ ስድስት ዓመት። ሳትነግረኝ እዚያች ቤት ልታስገባኝ ነበር።»

«ታዲያ ደስ ይልህ ነበር፤ አይደል?»

«እምቢ ነበር የምላት፣ ጂኒ። ዘንድሮም ‹በሚቀጥለው ዓመት› ነበር የምላት» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። አይሪን ፓዩን አነሳችለት።

«ልሰርዘው?» አለች ጂኒ መዝገቡን ይዛ።

«ተይው።»

የትንሿን ቤት ቁልፍና የፍሊንትን ማሰሪያ አንሥቶ ከውሻው ጋር ግቢውን ተሻገረ። ቀዝቃዛ ካፊያ ከኮረብታው ላይ ይወርዳል። ደጃፏ ሲደርስ ሰዓቱን አየና የድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«ግባ እንጂ አንተ ሰው፣ ብርዱ ይገልሃል!» ብላ ጮኸች አይሪን ከመስኮቱ።

«ለአሥር ሰዓት ሩብ ይቀራል» አላት።

በዚያች ሰሌዳ ላይ ጽፎ አያውቅም። ጠመኔውን አንሥቶ ‹ፍሊንት› ሲል ፊደሎቹ ተንጋደዱበት። አሥር ሰዓት ሲሞላ ፎጣውን ከመስቀያው አወረደ፤ ተንበርክኮ የውሻውን እግር በየተራ፣ እሷ እንደምታደርገው በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አደረቀለት። በሩን ከፈተ። ከዚያ ሳይገባ ተመለሰና ከውሻው ስም ሥር፣ በሕጓ የሌለውን የሰው ስም፣ ‹ቤረል› ብሎ ጻፈ።

ቀስ ብሎ ለፍሊንት አነበበለት፤ ውሻውም ጭራውን ቆላ።