ነጭ ሱፍ የለበሰው ሽመላ

የአክስቴ ሥራ ለሽመላ ጫጩት እናት መሆን ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። የሽመሎቹ ዘር ሊጠፋ ስለተቃረበ እንቁላሉን ከረግረግ አምጥተው በማሽን ይፈለፍላሉ። ጫጩቱ ታዲያ የሰው መልክና ድምፅ ከለመደ ጉዱ ፈላ፦ ሰውን እናቴ ብሎ ይከተላል፣ ከዘመዶቹ አይቀላቀልም፣ ዕድሜ ልኩን ሽቦ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አክስቴ ከአናቷ እስከ እግሯ ነጭ ጨርቅ ተከናንባ፣ እጇ ላይ የሽመላ ጭንቅላት አጥልቃ፣ ትንፍሽ ሳትል ዓሣ ታጎርሰዋለች። ማታ ግን ያፈነችውን ወሬ ሁሉ እኛ ላይ ትዘረግፈዋለች።

አድጎ ጎረምሳ የሆነው ጫጩቷ ወደ ረግረጉ የሚለቀቅ ዕለት እኔንም ወሰደችኝ።

"አፍሽን ከከፈትሽ ልጄን ገደልሽው ማለት ነው።"

"ልጅሽ? ታዲያ ለእኔ የአክስት ልጅ ሊሆን ነው?"

"አንቺ ልጅ ዝም በይ!"

ሁላችንም አፈር የመሰለ ልብስ ለብሰን ከሸንበቆ አጥር ጀርባ እንድንደበቅ ታዘናል። አለቃዋ ግን ዱቄት የመሰለ ነጭ ሱፍ ገጭ አድርጎ መጣ።

"ጌታዬ፣ ነጭ አይለበስም ተብሎ ነበር እኮ" አለችው አክስቴ።

"ለእንግዶች ነዋ! እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ? ደግሞ ካሜራ ላይ ነጭ ያምርብኛል።"

ያማረበት ካሜራው ላይ ብቻ አልነበረም። የሽቦው በር ሲከፈት ሰውዬው ፎቶ ሊነሳ ከአጥሩ ፊት ወጥቶ ተገትሯል። ወፉ ረግረጉን አየ፣ ሱፉን አየ፣ ክንፉን ዘርግቶ እየሮጠ መጣና የአለቃውን ኪስ ዓሣ ፍለጋ ይጎረጉር ጀመር።

አክስቴ ባጥሩ ቀዳዳ እጇን ብቻ አውጥታ ጣቷን ወደ ረግረጉ ቀሰረች፦ ሂድ! አለቃው ወደ ጫማው ጠቆመ። እሷ ቡጢ ጨበጠች።

ሄደ። መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበቱ። ጎረምሳው እግር በእግር ይከተለዋል። ወዲያ ማዶ የዱር ሽመሎች መንቆራቸውን ቋ ቋ ቋ ሲያደርጉ ቆም አለ። አለቃውን አየ፣ እነሱን አየ። አለቃው በዚህ መሀል አዳልጦት ጭቃው ውስጥ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ጎረምሳው ማንን እንደሚመርጥ አልቸገረውም፤ ብድግ ብሎ ወደ ማዶ በረረ።

አክስቴ ሻሿን ነክሳ ታለቅሳለች።

አለቃው እጁን እያወዛወዘ አውጡኝ ይላል።

"አክስቴ፣ ሰውዬው እየሰመጠ ነው" አልኳት ጆሮዋ ሥር።

ዕንባዋን ጠረገችና አየት አደረገችው።

"ትንሽ ይቆይ። ልጄ ይራቅ።"