ልክየለሽ ያላለችው

"አንድ ደረቅ ጥብስ፣ ሁለት ሩዝ በፍየል!" ብላ ልክየለሽ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ስትጮህ ስልኳ ጠራ። የምሳ ግርግር ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ወትፋ ከደንበኛ ጋር መነጋገሯን ቀጠለች።

"ውድ ደንበኛችን፣ በሕጋዊ ስም ያልተመዘገበ መስመር ከመጪው ዓርብ ጀምሮ ይዘጋል። የነዋሪነት ፈቃድዎን ይዘው በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው ቢሮ ይምጡ።"

ድምፁ የራሷ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም። በዐቢይ ፆም ሰሞን አዲሱ የስልክ ኩባንያ የአማርኛ አገልግሎት ሲጀምር፣ ሔመን የምትባል የኩባንያው ሠራተኛ እዚሁ ምሳ ስትበላ የልክየለሽን ድምፅ ሰምታ ወሰደቻት። በስፖንጅ በታፈነች ክፍል ውስጥ አስቀምጠው "እንኳን ደህና መጡ"፣ "ለአማርኛ ሦስትን ይጫኑ" አስባሏት። ከዚያ ደግሞ ስለ ዝናብ፣ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ልጆች ጥርስ ብዙ ገጽ አስነበቧት። ለምን ብላ ብትጠይቅ "ለማለማመድ ነው" አሏት። እሷም ሞኝ ናት፣ የምትለማመደው ራሷ መስሏት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚህ በሰው አገር፣ በጅግጅጋ ያር ሰፈር ያለው ሐበሻ ሁሉ "ማሽኗ" እያለ ይቀልድባታል። ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ግን ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አፍጥጣ አየችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ይኼኛውማ ከአፏም አልወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቷ ብርቅነሽ በሩ ላይ ቆመች። ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ቆይታ ነው የመጣችው፤ እጇ ላይ አረፋው አልደረቀም።

"እኔና አንቺ በአንድ ግድግዳ ነው የምንለያየው" አለች። "ሌሊት ሳስል ትሰሚኛለሽ። እንዲህ ያለውን መርዶ በስልክ ነው የምትነግሪኝ?"

"እትዬ ብርቅነሽ፣ እኔ አላልኩም!"

"አላልኩም? ድምፅሽን ላጣው ነው? 'ውድ ደንበኛችን' አልሽኝ እኮ! እኔ ደንበኛሽ ነኝ?"

ተመጋቢው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ዞረ። ብርቅነሽ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ከፍ አድርጋ ያዘችው። መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው፤ መስመሩን ከመንገድ ላይ ነው የገዛችው፣ በማንም ስም አልተመዘገበም።

"ዘሩባቤል የሚያውቃት ቁጥር ይህችን ብቻ ነው። የመን ላይ ስልኩን ቀምተውታል። ይህችን ግን በቃሉ ይዟታል። ከተዘጋች ወንድሜ የት ብሎ ይፈልገኝ? ለእኔ ፈቃድ ማን ሰጥቶኝ ነው ፈቃድ አምጪ የምትይኝ? እግዜር ይይልሽ!"

ይህን ብላ ሄደች። ልክየለሽ ሽርጧን ፈትታ ባንኮኒው ላይ ወረወረችው።

"የምሳ ሰዓት ነው እኮ! የት ነው?" አላት የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሽ አለሙ።

"ማሽኗን ይጥሯትና ትጩህልዎት!"

በሚኒባስ መሃል ከተማ እስክትደርስ ድረስ ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም በየፌርማታው ይጨምር ነበር። ሔመን በመስታወት ከተከለለች ቢሮዋ ብድግ ብላ ተቀበለቻት።

"ልክዬ! ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?"

"ያላልኩትን ማን አስባለኝ?"

ሔመን ወዲያው ገባት። ወንበር ሳበችላት፤ ልክየለሽ ግን አልተቀመጠችም።

"ድምፅሽን ሲስተሙ ተምሮታል" አለች ሔመን ለስለስ ብላ። "ያኔ ያነበብሽው ለሱ ነበር። አሁን የተጻፈለትን ሁሉ በአንቺ ድምፅ ይላል፤ አንቺ መምጣት አያስፈልግሽም። ውሉ ላይም አለ፣ ፈርመሻል።"

"ውሉ በእንግሊዝኛ ነበር። 'የተለመደ ነው' ያልሺኝ አንቺ ነሽ።"

"ልክ ነሽ፣ ብያለሁ። ግን እኮ ቴክኒካሊ የተናገርሽው አንቺ አይደለሽም።"

"እኔ ካልሆንኩ እትዬ ብርቅነሽ የረገመችው ማንን ነው? ሲስተሙን?"

ሔመን በሩን ዘጋችው። ልክየለሽም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ቁጣዋ ግን አብሮ አልወረደም።

"ፈቃድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?"

"ፈቃድ ያለው ሰው አብሮት ቀርቦ በራሱ ስም ሊያስመዘግብለት ይችላል። ቁጥሩ አይቀየርም።"

"ታዲያ ይህን ለምን አላላችሁም? በእኔ ድምፅ 'ይዘጋል' ስትሉ 'መፍትሔ አለ' ማለት አቃታችሁ?"

"መልእክቱ አጭር መሆን ነበረበት" አለች ሔመን፣ ጠረጴዛው ላይ እያየች። "እኔ አይደለሁም የምወስነው። ዛሬ አመሻሹ ላይ ደግሞ ሁለተኛው መልእክት ይወጣል፤ ያንንም ማስቆም አልችልም። ስሚኝ ልክዬ፣ በእህትነት ልምከርሽ። በአንቺ ስም ለማንም እንዳታስመዘግቢ። በመስመሩ አንድ ነገር ቢሠራበት የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ፈቃድሽን ይነጥቁሻል፣ ያኔ አንቺም እንደነሱ ነሽ።"

ልክየለሽ "እንደነሱ" የሚለውን ቃል አላምጣ ዋጠችው። ስድብ አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን እዚህ ቤት አንድ ቃል ጨምራ መተው አልፈለገችም። በሩን ከፍታ ወጣች።

ግቢ ስትደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። የብርቅነሽ በር ዝግ ነው። አንኳኳች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ" ልትል አፏን ስትከፍት ከውስጥ ስልክ ጠራ። ብርቅነሽ ተጣድፋ አነሳች። "ዘሩ? ዘሩዬ?" ስትል ይሰማል። ከዚያ የራሷ የልክየለሽ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ በበሩ ስንጥቅ ወጣ።

"ውድ ደንበኛችን..."

አሁን ምንም ብትል የማሽኑ ቃል ነው የሚመስለው። አፏን ዘግታ በመዳፏ በሩን ደበደበችው።

"ማነው? ሰው አይደለህም? አትናገርም?"

አልተናገረችም። ብርቅነሽ እየተራገመች በሩን እስክትከፍትና ፊቷን እስክታይ ድረስ ደበደበች። ሲከፈትም መጀመሪያ የዘረጋችው የነዋሪነት ፈቃዷን ነው።

"ጫማሽን አድርጊ" አለች። "ቢሮው ሳይዘጋ እንደርሳለን። መስመሩ በእኔ ስም ይሆናል፣ ቁጥሩ ያው ነው።"

ብርቅነሽ ፈቃዱን አየች፣ ልክየለሽን አየች፤ አልነካችውም።

"ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ቢጠይቁሽስ?"

"ይጠይቁኝ" አለች ልክየለሽ። "ያን ጊዜ በገዛ አፌ እመልሳለሁ።"