ለልጄ ቀለበት የተመረጠው ድንጋይ

ወረቀት ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አልወድም። አልማዙን ሳያይ ስለ አልማዙ የተጻፈውን ሸምድዶ ይመጣና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለበት ላይ ድንጋይ ስገጥም የኖርኩትን ሴትዮ ሊያስተምረኝ ይቃጣዋል። ሴት ልጄን ሊያገባ የተነሳው ሰውዬ ከእነዚሁ አንዱ ሆኖ ቁጭ አለ። ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረ ቁጥር ይመዘግባል። ቤታችን ውስጥ ስሙ «ቆጣሪው» ነው። ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ እሱም አልተቀየመኝም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወርቅ ቤቱ ድረስ መጣ። የምንሠራው ከመሸጫው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት የሥራ ጠረጴዛ አለን፤ በመስኮቱ በኩል ያለው የእኔ፣ በግድግዳው በኩል ያለው የዝምተኛው ነው። ዝምተኛው ሙያውን ከእኔ የተማረ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አጠገቤ ሲቀመጥ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር የተናገረ አይመስለኝም። በዚያን ሰዓት ዕቃ ሊያደርስ ወጥቶ ነበር።

ቆጣሪው ከደረት ኪሱ ሦስት ትንንሽ የታጠፉ ወረቀቶች አወጣ። ውስጣቸው ያሉት አንድ የድንጋይ ነጋዴ በእኔ ስም አምኖ እስከ ማምሻው ያዋሰው ሦስት አልማዞች ናቸው። አንዱን መርጦ ሁለቱን ይመልሳል፤ ልጄ ምንም አታውቅም። የትኛው እንደሚሻል ጠየቀኝ። ቀጥሎም የተመረጠውን በገዛ እጄ እንድገጥምለት ለመነኝ። ልጄ ከትንሽነቷ ጀምሮ «ቀለበቴን እማ ካልሠራችው አላገባም» ስትል ነው ያደገችው፤ እኔም ቃል ገብቼላታለሁ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ዓይኔ ከከዳኝ ዓመት ሆኖታል። የዓይን ሞራ ነው፤ ስሙን ያወቅሁት ኋላ ነው። መጀመሪያ መስኮቱ የቆሸሸ መስሎኝ አጠብኩት፤ ቀጥሎ ማጉያዬን ወለወልኩት፤ ከዚያ በኋላ የሚወለወል ነገር አጣሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የወርቅ ቤቱ ባለቤት «የእሷ ዓይን አይስትም» እያለ ነው ለደንበኛ ድንጋይ የሚሸጠው፤ የማታይ ገጣሚ ምን ታደርግለታለች? ሐኪም ዘንድ መሄዱንም ፈራሁት፤ ከሄድኩ የሆነው ነገር ስም ይወጣለታል። ጣቶቼ ሥራውን በቃላቸው ያውቁታልና በእነሱ ተማምኜ ዓመቱን ገፋሁት። አንድም ቀለበት ተበላሸ ተብሎ አልተመለሰብኝም፣ ስለዚህ ማንም አልነቃብኝም ብዬ ልቤን ሞላሁ።

ቆጣሪው ስለ አልማዝ ማወቅ የሚገባው አራት ነገር መሆኑን አጥንቶ መጥቷል፦ ክብደት፣ ቀለም፣ ጥራት፣ አቆራረጥ። እንደ ምርመራ ወረቀቱ ከሆነ አንደኛው ድንጋይ በክብደቱም በቀለሙም በጥራቱም ሁለቱን ያስከነዳል። አቆራረጡስ ምን ይላል ስለው «ደህና» እንደሚል ነገረኝ፤ ቃል እንጂ ቁጥር ስላልሆነ ዘሎታል።

«ልጄንም የመረጥካት ወረቀቷን አንብበህ ነው?» አልኩት።

ሳቀ፣ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ና ላስተምርህ አልኩት። ማስተማር እንኳ አልነበረም፤ ዓይን ቸግሮኝ ነው። ዓይኑን ልዋሰው ፈልጌ አስተማሪ መሰልኩ።

መጀመሪያ የጣት ቅባት የትኛውንም ድንጋይ ያደበዝዛልና ሦስቱንም በደንብ አስወለወልኩት። ከዚያ ነጭ ወረቀት አጥፌ እጥፋቱ ውስጥ በግንባራቸው አስደፍቼ በጎን እንዲያያቸው አደረግሁ። አንደኛውና ሁለተኛው እንደ ውሃ ናቸው፣ ሦስተኛው ቀጠን ያለ ሻይ ጠብ ያለበት ይመስላል አለኝ። ገልብጣቸውና ከላይ እያቸው አልኩት። ገለበጣቸው። አሁን ሻይ የነካው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተው። ጣት ላይ የሚታየው ይኼ ነው፣ ሚስትህን በጎን ደፍቶ የሚያያት የለም አልኩት።

ቀጥሎ መብራቱን አጥፍቼ ወደ ክፍሉ ጥግ፣ ወደ ጥላው አስወሰድኳቸው። ወርቅ ቤት መብራት ሥር የማያበራ ነገር የለም፤ ጠርሙስም ያበራል። እዚያ ጥግ ቆሞ አንድ በአንድ አገላበጣቸው። አንደኛው መሃሉ ጨልሟል፣ ሁለተኛው ደህና ነው፣ ሦስተኛው ግን ትንሽ ባነቃነቅሁት ቁጥር ቦግ ይላል አለኝ። ቆራጩ ክብደት እንዳይቀንስበት ሳስቶ ያንን ትልቁን ታቹን እንዳወፈረው ነገርኩት፤ ብርሃኑ በላይ ይገባል፣ ወደ ዓይን በመመለስ ፈንታ በታች ያመልጣል።

«የሚያፈስ ቧንቧ ነዋ!» አለ።

በቃ ገባው። እኔ ለሰው ለማስረዳት ስንት ዓመት የደከምኩበትን ነገር በአንድ ቃል ጨረሰው፣ ትንሽም ቀናሁ።

ከዚያ ማጉያውን ሰጠሁት። ሁለተኛው ልክ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለበት፤ አንዴ ካየው በኋላ ያለ ማጉያም ታየው። ሦስተኛው ከጠርዙ ወደ ውስጥ የገባች ፀጉር የመሰለች ነጭ መስመር አለችው፣ ያለ ማጉያ ግን ፈልጎም አላገኛት። ሦስተኛውን መረጠ። በወረቀቱ ከሦስቱ ዝቅ ያለው እሱ ነው። እኔም ብሆን የምመርጠው እሱን ነበር፤ ደስ ከመሰኘቴ የተነሳ ድንጋዩን አለማየቴን ረሳሁት።

ቆጣሪው ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። ድንጋዩን የሚይዙት የወርቅ ጥፍሮች ሲጫኑት በዚያች መስመር በኩል አይሰነጠቅም ወይ? ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ጥፍሩ እሷ ላይ ካረፈ ልጄ ከማግባቷ በፊት አልማዟ ሁለት ይሆናል። ድንጋዩን በወረንጦ አነሳሁና ማጉያውን ዓይኔ ላይ አድርጌ እንደ ወጉ ረጅም ጊዜ አየሁ። ጉም ብቻ ነበር። ትንሽ ናት፣ ከዚህ የባሰም ገጥሜያለሁ፣ አታስብ አልኩት።

ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እማማ፣ ድንጋዩ ወረንጦው ላይ የለም። ጨርቁ ላይ ነው፣ በግራ እጅዎ በኩል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ልትፈትነኝ ነው የመጣኸው አልኩት፤ ሌላም የማይባል ነገር ተናገርኩ። እሱ ድንጋዩን አንስቶ ወረቀቱ ላይ አኖረው። ንዴቴ መሄጃ አጣና ወደ ራሴው ተመለሰ። አፈርኩ። የልጄን አልማዝ ልሰብረው ነበር፣ ያውም አውቄ።

«ዓመት ሆነኝ» አልኩት።

ቀና ስል አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሟል፤ በአቋቋሙ ዝምተኛው መሆኑን አወቅሁት። ሰምቷል። አሁን ምን ይደበቃል ብዬ ድንጋዩን እሱ እንዲገጥመው ጠየቅሁት። ማጉያውን ተቀብሎ አየ፣ መስመሯ የት እንዳለች ለቆጣሪው አሳየው፣ እሺ አለ። እኔ ክብሬን ከየትም ልለቃቅም ብዬ፣ በዚህ ዓመት ውስጥ እንኳ አንድም ቀለበት አልተመለሰብኝም አልኩ።

ዝምተኛው ወረንጦውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እርስዎ ወጥተው ሲሄዱ ሁሉንም አያቸዋለሁ» አለ። «የላላ ካለ አጠብቀዋለሁ።»

ስንት ነበሩ ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ አይደሉም አለ። ውሸት አይችልበትም። የዓመቱ ስሜ የቆመው በእሱ ዓይን ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ «እጅህ ይዘገያል» እያልኩ ስነዘንዘው ነበር። ማመስገን ነበረብኝ፣ እኔ ግን ጠረጴዛዬን መጥረግ ጀመርኩ።

ቀለበቱን በሁለት ቀን ጨረሰው። ለወርቅ ቤቱ ባለቤት መንገር አያስፈልግም፣ ፈቃድ ወስደው ይታከሙና ይመለሱ አለኝ። ቆጣሪውም ትንፍሽ ላይል ማለ። እኔም ተስማማሁ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተስማማሁት።

በሳምንቱ ልጄ ቀለበቷን አድርጋ ከእጮኛዋ ጋር ወርቅ ቤት መጣች። ከፊት ለፊት መሸጫው ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ኋላ ከቆምኩት ከእኔ ሌላ፣ ባለቤቱና ሁለት ደንበኞች ነበሩ። እጇን ዘርግታ ለሁሉም አሳየች። «የእናቴን እጅ ከሺህ አውቀዋለሁ» አለች። ባለቤቱ ወደ ደንበኞቹ ዞሮ «አላልኳችሁም? የእሷ ዓይን አይስትም» አላቸው። ቆጣሪው አንገቱን ደፍቷል። በሩ ጋ የቆመው ዝምተኛው ለመመስከር ሳይሆን ለመካድ ነበር የተዘጋጀው፤ ሥራውን እንዲሁ ሊሰጠኝ። ዝም ብል ኖሮ የእኔ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ልጄም ዕድሜ ልኳን የሌላ ሰው ሥራ እየሳመች የእናቴ ነው ትል ነበር።

«የገጠምኩት እኔ አይደለሁም» አልኩ። «እሱ ነው። እኔ ድንጋዩን ማየት አልችልም፣ ዓመት አልፎኛል።»

ባለቤቱ የጀመረውን ሳቅ አልጨረሰውም። ልጄ ቀለበቱን ዞር ብላም አላየችው። መደርደሪያውን ዞራ መጣችና አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ የቀለበቱ ቅዝቃዜ ጉንጬ ላይ ተሰማኝ። ማጉያ አላስፈለጋትም።

«ዓይንሽ ነጭ ሆኗል እኮ» አለች። «በየቀኑ አንድ ገበታ ላይ ነው የምንቀርበው። እኔስ የት ነበርኩ፣ እማ?»