እፎይ የሚሉት መጠጥ

አባቴ አጫራች ነው። አሮጌ መኪናም ይሁን እግሩ የተሰበረ ቁምሳጥን፣ እሱ ሳጥን ላይ ወጥቶ ከለፈለፈለት ሳይሸጥ አያድርም። ክፋቱ፣ ቤት ሲገባም ከሳጥኑ አይወርድም። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ነገር ልትናገር ትጀምራለች፣ እሱ ይጨርስላታል፣ እሷም ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

ያን ቅዳሜ ሦስታችን የእጮኛዬን ወላጆች ለመተዋወቅ መንገድ ወጣን። እኔ እነዳለሁ፤ አባቴ ከጎኔ ሆኖ ንግግሩን ይለማመዳል። ንግግሩ የሚጀምረው ከአያቱ ልደት ነው።

«አባዬ፣ በናትህ አሳጥረው» አልኩት። «አባቷ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ወሬ የሚያበዛ ሰው አይወዱም።»

«ጥሩ ወሬ ሰምተው ስለማያውቁ ነዋ!»

እናቴ ከኋላ «እኔ የምለው...» ብላ ጀመረች።

«እናትህ የምትለው፣ ጠምቶኛል ነው» አለ አባቴ። «ደግሞስ እዚህ ድረስ መጥቶ እፎይን ሳይቀምስ የሚያልፍ አለ? አቁም!»

እፎይ የዛፍ ቅርፊት ተዘፍዝፎ የሚወጣ አረንጓዴ መጠጥ ነው። አያሰክርም፤ ዝናው ግን አገር ያዳረሰ ነው። ሻጯ ደልደል ያሉ ሴትዮ ናቸው። በረንዳው ላይ አስቀመጡንና ግማሽ ግማሽ ብርጭቆ ቀዱልን።

«ምነው ግማሽ?» አለ አባቴ።

«ለአዲስ ሰው እንዲህ ነው ጋሼ። ምላስ ይይዛል።»

«የኔን ምላስ? እሱን የሚይዝ ገና አልተፈጠረም! ይሙሉት እንጂ!»

ሞሉት። መጀመሪያ ሣር ሣር፣ ቀጥሎ ሎሚ ሎሚ፣ ከዚያ ምንም ምንም አለኝ። ውሃ ጥም ይዞኝ ስለነበር ብርጭቆዬን ግጥም አደረግሁት። አባቴ ሦስት ብርጭቆ ጨለጠ። እናቴ በከንፈሯ ነካ አድርጋ ፊቷን አጨማደደችና ቀሪውን ከበረንዳው ሥር አፈሰሰችው።

«ስሙን ማን አወጣለት?» ሲል አባቴ ጠየቀ።

«ሚስቶች» አሉ ሴትዮዋ።

ከሁላችንም በላይ የሳቀው እሱ ነበር።

መኪና ውስጥ ንግግሩን ካቆመበት ሊቀጥል አፉን ከፈተ። «ትቡል አያቴ...» አለ። የሞተሩ ድምፅ መስሎኝ «ምን አልት?» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ተያየን። እናቴ ከኋላ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። እንዳንቆይ ደግሞ ደርሰናል፤ እጮኛዬ በር ላይ ቆማ እጇን እያውለበለበች ነው።

ሳሎኑ ግድግዳው ሁሉ ሰዓት ነው። የቤቱ ጌታ ቀጭን ሰው ናቸው፤ የሥራ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ጨበጡን። ገና ከመቀመጣችን አባቴ ተነሳና ኮቱን አስተካከለ።

«የተተበላችሁ ቤተተቦች!»

ሰዓት ሠሪው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ማን ነው የተበላው?»

ላድነው ብዬ «ተላም ነው፣ ችግል የለም!» አልኩ። እጮኛዬ ከመጋረጃው ጀርባ ተደበቀች። እናቷ «ጠጥተው ነው እንዴ የመጡት?» ሲሉ በሹክሹክታ ሰማኋቸው። አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ስለ አያቱ «ጀግንነት» መተረኩን ቀጠለ። እንደሚሰማኝ ከሆነ «ራስ» ሊላቸው «ላት» እያለ አያቱን በግ አደረጋቸው።

በመጨረሻ እናቴ ተነሳች።

«እፎይ ነው የጠጡት» አለች።

«ስንት ብርጭቆ?» አሉ የእጮኛዬ አባት።

አባቴ ሦስት ጣቱን አወጣ።

«ሦስት!» ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን አውርደው አዩት። «እዚሁ ተወልጄ እኔ እንኳ ከግማሽ አልፌ አላውቅም።»

«እንግዲህ እኔ ልናገር» አለች እናቴ። እንደ ልማዷ የት ላይ እንደሚያቋርጣት ለማየት ወደ አባቴ ዞረች። አላቋረጣትም። ቀጠለች።

«እኔ ንግግር አልችልም። ልጄ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሲናደድ ሽቦ ይቆርጣል እንጂ ሰው አያስቀይምም። ልጃችሁ መጀመሪያ ቤታችን ስትመጣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ መልሴን እስክጨርስ ድረስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ያኔ ነው የወደድኳት። ልጃችን ብትሆን ደስ ይለናል። ይኸው ነው።»

ሰዓት ሠሪው «በቃ፣ እኔ ተስማምቻለሁ» አሉና ወደ ሚስታቸው አዩ። እሳቸው ግን ቀድመው እናቴን አቅፈዋታል።

የአባቴ ምላስ የተፈታው ከምሳ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ንግግሩም «ይሄን ሁሉ ሰዓት ላጫርትላችሁ?» የሚል ነበር።

ስንመለስ እናቴ ከፊት ተቀመጠች፤ ማንም ግቢ አላላትም። መንገዱን ሁሉ ስታወራ፣ እኔ ጨርሶ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አነሳች።

«አባትህን እኮ ሁለቴ እምቢ ብዬው ነበር» አለች።

«ሦስቴ ነው» አለ አባቴ ከኋላ፣ ቀስ ብሎ።

«አታቋርጠኝ» አለችውና ወሬዋን ቀጠለች።