የመጀመሪያው ምሽት ሥጋ

ያረገዘች ሴት የታመመ አጋዘን ሥጋ ብትበላ በሽታው ጽንሱን ያገኘው ይሆን? እማማ አርዲስ ከጠዋት ጀምሮ ይህን ጥያቄ በሆዳቸው ያመላልሱታል።

በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ገጠር የአጋዘኖችን አንጎል የሚጨርሰው በሽታ ከገባ ወዲህ፣ አዳኝ የገደለውን አጋዘን ጭንቅላት ለምርመራ ይሰጥና ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ሳይነካ ያቆያል። የልጅ ልጃቸው ትሬቨርም ጭንቅላቱን ሰጥቷል። በእሳቸው ቤት ግን የዓመቱ የመጀመሪያ ግዳይ ሽንጥ በተገደለበት ምሽት በቅቤና በሽንኩርት ይጠበሳል።

የትሬቨር ነፍሰ ጡር ሚስት ኬንድራ ያን ምሽት፣ "ውጤቱ ይምጣና እበላለሁ" ብላ ሳህኑን ገፋ አድርጋው ነበር።

"እኔ ይህንኑ እየበላሁ አይደል አራት የወለድኩት? ደግሞ አጋዘኑ እንዴት እንደሰባ አላየሽም? የታመመ እንዲህ አይሰባም" አሏት።

"ብይላት፤ እምቢ ካልሽ አያቴ ሁለተኛ ሳህን ነው የምታመጣልሽ" ብሎ ትሬቨር ሳቀ። ኬንድራም በላች።

ዛሬ ጠዋት ከምርመራ ቤቱ ተደወለ። አጋዘኑ በሽታው ነበረበት።

"ሰው ላይ ታይቶ አያውቅም እኮ፣ አያቴ" አለ ትሬቨር፣ ዓይኑን ከሚስቱ እያሸሸ።

"ሐኪሙስ ምን አለሽ፣ ልጄ?" ሲሉ እማማ አርዲስ ኬንድራን ጠየቁ።

"እስካሁን አልታየም አለኝ" አለች ኬንድራ። "እስካሁን።"

"እኔ እኮ ከስተሽ ሳይሽ ጊዜ፣ ትንሽ እንድትበረቺ ብዬ..."

"አውቃለሁ። እርስዎን እምቢ ማለት ከበደኝ። በሆዴ ላለው ልጅ ስል ግን እምቢ ማለት ነበረብኝ።"

እማማ አርዲስ እጇን ሊይዙ ተነሡ። ኬንድራ ካፖርቷን አነሣች፤ ሆዷ ላይ አልገጥም ሲላት እንደተከፈተ ሰብሰብ አድርጋ ያዘችውና ከቤት ወጣች።