ስልኩ የጨረሰው ጥያቄ

ጸጉር አስተካካዩ ታላቅ ወንድም ከታናሹ ጋር ከተኮራረፈ ሰንብቷል። የአንድ እናት ልጆች ሆነው፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ወንበር ለወንበር ተጠጋግተው እየሠሩ፣ ንግግራቸው “ፎጣ አቀብለኝ” እና “በሩን ዝጋው” ብቻ ሆኗል። ነገሩ የጺም ነው። ምላጭ የታላቅየው ሙያ ሆኖ ሳለ፣ ታናሽየው ጺሙን የሚላጭ ሰው ገና ደጃፉን ሲረግጥ “ወዲህ ና፣ ወንድሜ!” እያለ መጥራት ጀምሯል።

“ደንበኛዬን ቀማኝ” ይላል ታላቅየው በሆዱ። ግን አይከራከርም። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። በማሽን ሲያሳጥር ብዙም አይታይበትም፤ ምላጭ ሲይዝ ግን ጉድ ነው። ከፈጣሪው በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም። ቢታወቅ ማን ጉሮሮውን ይሰጠዋል?

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ስልኩን አወጣና የኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ “እጄ ይንቀ” ብሎ ጻፈ። የቀረውን ስልኩ ጨረሰለት፦ “እጄ ይንቀጠቀጣል ሥራዬን ልተው ወይ”። ከሥሩ ደግሞ፦ “እጄ ይንቀጠቀጣል ለቤተሰቤ እንዴት ልንገር”።

ክው አለ። ስልኩን ጭኑ ላይ ደፋው።

“ስማ” አለ ኩርፊያውን ረስቶ፣ “ይሄ ነገር ሰው ሆድ ውስጥ ይገባል እንዴ? ያላልኩትን ነው የሚጽፍልኝ።”

ታናሽየው ማበጠሪያ እያጠበ ሳቀ። “ያንተ ሆድ ውስጥ ምን ሊያደርግ! ሌላ ሰው የጠየቀውን ነው የሚያመጣልህ። ብዙ ሰው ሲጠይቀው ይለምደዋል።”

ብዙ ሰው። ታላቅየው ቃሉን ሲያብሰለስል ቆየ። እንደ እሱ ተደብቆ የሚጨነቅ ስንቱ ይሆን? እስከዚያች ቀን ስለ እጁ ሲለምን ስለ ራሱ ብቻ ነበር። “ጌታ ሆይ፣ እነሱንም አስባቸው” አለ በለሆሳስ። ደረቱ ቀለል አለው። እጁን ዘረጋ።

“እስቲ ተመልከት።”

ታናሽየው አየና ማበጠሪያውን አስቀመጠ። “ጋሼ፣ ለጺም የመጣውን ሁሉ የምሻማው ስስታም ሆኜ መሰለህ? እጅህን አይቼ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር እኮ።”

“ታዲያ አትጠይቀኝም ነበር?”

“አንተን? ያውም ምላጭ ይዘህ?”

ሳቃቸው ሳይበርድ ጎረቤታቸው ቁልፍ ሠሪው ገብቶ በታላቅየው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። “ጺም!”

ታላቅየው ምላጩን ለወንድሙ አቀበለው። “እጄን አሞኛል፣ ይንቀጠቀጣል። ነገ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ለዛሬ እሱ ይላጭህ።”

“አብረን ነው የምንሄደው” አለ ታናሽየው።

ቁልፍ ሠሪው ጉሮሮውን ዳበሰ። “እንኳን አሁን ነገርከኝ! አረፋ ከተቀባሁ በኋላ ብሰማ በመስኮት ነበር የምወጣው።” ወንበር ቀየረ። “አይዞህ፣ እናቴም እንዲህ ሆና በመድኃኒት ተሽሏታል። ጸጉሬን ግን ለማንም አልሰጥም፣ ያንተ ነው።”

ታላቅየው ፎጣውን ሊያሞቅለት ተነሣ።