ከላይኛው መስመር በላይ

ደግሞ ከፍ ብሏል፣ የሞተር ዘይት ያንሳል እንጂ እንዴት ይጨምራል፣ የወይንሐረግ የመለኪያውን ዘንግ በጨርቅ ትጠርግና መልሳ ትከተዋለች፣ ታወጣዋለች፣ ከላይኛው መስመር በላይ። ቅዳሜ ጋራዥ ሲቀየር በሁለቱ መስመሮች መሀል ነበር፣ በዓይኗ አይታለች። ትናንት ከፍ ሲል ዳገቱ ነው ብላ ነበር፣ እዚህ ሱሉልታ ደጃቸው ዳገት ነው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ካልተደረገ እንቅልፍ የለም፣ ያጋደለ መኪና ደግሞ መለኪያው ይዋሻል፣ እሺ፣ ለዚያ ብላ ማታ ሜዳው ላይ አቆመችው፣ ታዲያ ይሄ ምንድነው፣ ውሃ ገብቶ ይሆን፣ ውሃ ቢገባማ ወተት የነካው ሻይ ይመስላል ይላሉ አባዬ፣ ይሄ ጥርት ያለ ነው፣ አዲስ ዘይት፣ ሰው የጨመረው። ማን? ተንኮለኛ ጎረቤት ቢኖር እንኳ ይቀዳል እንጂ ይጨምራል? ወይ ጉድ።

ዕድላዊት ዩኒፎርሟን ለብሳ የኋላ ወንበር ላይ እግሯን ታወዛውዛለች፣ እማዬ፣ አያቴ ይምጡ በቃ፣ ረፈደ። አያቷ ናቸው ትምህርት ቤት የሚያደርሷት፣ በየቀኑ፣ ከባድ መኪና በሚግተለተልበት በዚያ መንገድ። ኦቦ አማኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከጫንጮ ፍቼ አውቶቡስ ሲነዱ አንድ ሰው ያልገጩ፣ ዘይት ሳያዩ ሞተር የማያስነሱ፣ የወይንሐረግንም መለኪያ ማንበብ ያስተማሩ አባቷ።

ይኸው መጡ፣ የዘይቷን ጀሪካን አንጠልጥለው። አካም ቡልቴ ኢንተላ ኮ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ ይሏታል፣ ቆይ፣ ዘይት ሳላይ አልነሳም። ጣቶቻቸው ግን በዘይት ወዝተዋል፣ ቅዳሜ ሙሉ የነበረችው ጀሪካን ግማሽ ሆናለች። የለም፣ ሌላ ነገር ነክተው ይሆናል፣ ቅባት፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የለም።

አሁን አዩት እኮ አባዬ፣ ትላለች።

መቼ?

ፊታቸውን ታያለች፣ ይቀልዳሉ እንዴ፣ አይቀልዱም፣ ባለፈው ሳምንት ዕድላዊት፣ አያቴ ትምህርት ቤትሽ በየት በኩል ነው አሉኝ ስትላት፣ ሲያጫውቱሽ ነው ብላ ስቃ ነበር፣ እንዴት ሳቀች፣ ምን አስቂኝ ነገር ነበረው፣ አባቷ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ቁልፉን፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ምን ትበል፣ ለሳቸው መኪና መከልከል፣ ለሳቸው፣ ልጅቷ ደግሞ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ፈራች፣ ሁለቱንም ፈራችላቸው።

ዛሬ በታክሲ አደርሳታለሁ አባዬ።

ምነው፣ መኪናው ምን ሆነ?

ዘይት በዝቶበታል።

አባቷ ይቆጣሉ፣ ለመኪናው ከልባቸው ያዝናሉ፣ ማነው እንዲህ ያለ የማይረባ፣ ዘይት ሲበዛ ሞተር እንደሚገድል አያውቅም?

እንጃ አባዬ፣ ትላለች፣ ቁልፉ መዳፏን እስኪወጋት ጨብጣ።